የባዮሎጂ ተማሪ ወደ ላብራቶሪ ምርምር የሚገባው እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂን ወይም ተቀራራቢ የትምህርት ዘርፎችን ለሚያጠኑና ከመደበኛው የተግባር ትምህርት አልፈው በምርምር ሥራ ለመሳተፍ ለሚፈልጉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነው። መልሶቹ የቆሙበት መሠረት አንድ ነው፤ ጀማሪ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በእጅ ባለ አቅም ተጀምሮ የሚያልቅ ጥያቄና በየቀኑ አጠገቡ ሆኖ የሚያሠለጥነው ሰው ነው።

የላብራቶሪ ምርምር ከተግባር ትምህርት በምን ይለያል?

በተግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሽንኩርት ሥር ጫፍ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋስ ክፍፍል ደረጃዎች መታየት እንዳለባቸው መምህሩም ተማሪውም ያውቃሉ፤ ካልታዩ ጥፋቱ የአዘገጃጀት ነው ተብሎ ይታለፋል። በምርምር ግን ትክክለኛው መልስ በማንም ደብተር ላይ ስላልተጻፈ፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲታይ ግኝት ይሁን የእጅ ስሕተት ለይቶ የሚናገረው አብሮ የተሠራው ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያ ሙከራ) ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያው ወር ግራ የሚጋቡት ቴክኒኩ ከብዷቸው ሳይሆን ይህን ልዩነት ማንም ስላልነገራቸው ይመስለናል።

መቼ መጀመር ይሻላል?

የመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ጊዜ ለጋራ ኮርሶች የሚውል በመሆኑ፣ አጠቃላይ ማይክሮባዮሎጂንና ጄኔቲክስን ከወሰዱ በኋላ ያለው ጊዜ አመቺ ነው። እስከ መጨረሻው ሴሚስተር መጠበቅ ግን አይመከርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ስለሚፈተኑ የመመረቂያ ጥናቱና የፈተናው ዝግጅት በተመሳሳይ ወራት ይደራረባሉ። በዚያ ላይ የፒፔትን (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚስብ መሣሪያ) አያያዝ ከዜሮ መማር ሲጨመር ሥራው የይድረስ ይድረስ ይሆናል። ከመመረቂያው ዓመት በፊት ያለው ክረምት፣ ግቢው ጭር በሚልበትና የማስተርስ ተማሪዎች ግን ሥራቸውን በማያቋርጡበት ወቅት፣ ከሁሉ የተሻለው መግቢያ ነው።

ከራሴ ትምህርት ክፍል ውጭ የት መሞከር እችላለሁ?

በአዲስ አበባ በርካታ አማራጮች አሉ። ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ጥናት የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይም ይሠራል። የከተማው ሰው እስከ አሁን «ፓስተር» በሚለው ሰፈር ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብሔራዊ የምርመራ ላብራቶሪዎችን ይመራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በጥገኛ ተውሳኮችና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የቆየ ልምድ አለው። የዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ የሚስበው ተማሪ ሆለታን፣ የእንስሳት ክትባት የሚስበው ደግሞ ቢሾፍቱን ቢያስብ ይጠቀማል።

በክልል ያሉ ተማሪዎች ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው ብለው ሊያዝኑ አይገባም። ካላዛርን ለማጥናት ጎንደር ከመዲናዋ ይልቅ ለበሽታው የቀረበ ነው፤ ለሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞች ታመው የሚመጡት ወደዚያ ነውና። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ሰኮሩ ላይ ለሐሩር አካባቢ በሽታዎች ያቋቋመው የምርምር ማዕከል አለው።

ወደ እነዚህ ተቋማት ለመግባት በቅድሚያ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ግን በር ማስከፈቻ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ይዞ መዝገብ ቤት ከመሄድ በፊት በተቋሙ ውስጥ አንድ ተመራማሪ አግኝቶ ማነጋገር ሳምንታትን ይቆጥባል።

መምህርን እንዴት ልጠይቅ?

በመጀመሪያ መምህሩን ሳይሆን በላብራቶሪው ውስጥ የሚሠሩትን የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች እንዲሁም የላብራቶሪ ቴክኒሻኑን ያነጋግሩ። መምህሩ በማስተማር፣ በስብሰባና በመስክ ጉዞ የተያዘ ስለሚሆን፣ የዕለት ተዕለት አሠልጣኝዎ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። ባለፉት ዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እዚያ ገብቶ እንደሆነና ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ስለ ላብራቶሪው ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል።

ቀጥሎ ከመምህሩ ጥናቶች አንዱን፣ በተለይም የአሠራር ዘዴውን ክፍል፣ በደንብ ያንብቡ። «በሚያስፈልግዎት ሁሉ ልርዳ» የሚል ጥያቄ ትሕትና ቢመስልም ለመምህሩ ተጨማሪ የቤት ሥራ መስጠት ነው፤ ምን እንደሚያሠራዎት ማሰብ ያለበት እርሱ ይሆናልና። ይልቁንም ቢሮ ሄዶ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ እርጎ ባክቴሪያዎች ያሳተሙትን ጥናት አንብቤ የናሙና አወሳሰዱ ገብቶኛል፤ የስታቲስቲክሱ ክፍል ግን አልገባኝም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም፤ የማስተርስ ተማሪዎችዎ ሲሠሩ አጠገባቸው ሆኜ ብከታተል ይፈቅዱልኛል?» ይህ ንግግር ምን እንዳነበቡ፣ ምን እንዳልገባዎትና መቼ ነፃ እንደሆኑ ይናገራል፤ ለመፍቀድም ቀላል የሆነ ነገር ይጠይቃል። በኢሜይል ከላኩና መልስ ካልመጣ ከአንድ ሳምንት በኋላ በአካል መሄድ በእኛ አገር ልማድ ድፍረት ተደርጎ አይቆጠርም።

ውጤቴ ከፍተኛ አይደለም፤ ይቀበሉኛል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ለማስተርስ ቅበላና ለነፃ የትምህርት ዕድል ውጤት ይመዘናል፤ ለላብራቶሪ ግን በሰዓቱ መገኘትና የተሠራውን በትክክል መጻፍ ይቀድማሉ። ፈተና እየወደቁ ላብራቶሪ መዋል ግን ማንንም አይጠቅምም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እሠራለሁ?

ዕቃ ያጥባሉ፤ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ) ያዘጋጃሉ፤ ቱቦዎች ላይ ምልክት ይጽፋሉ፤ ሌላ ሰው ሲሠራ ይመለከታሉ። ይህ ሥራ ዝቅ ያለ ቢመስልም በደንብ ያልታጠበ ብልቃጥ የሌላውን ሰው የወር ልፋት ሊያበላሽ ስለሚችል ማንም በቀላሉ የሚያየው ሥራ አይደለም።

ጎን ለጎን እጅዎን በፒፔት ያለማምዱ። መለማመጃው ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ በትክክል ከተለካ በሚዛን ላይ 0.1 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ያንኑ መጠን አሥር ጊዜ ደጋግመው ሲመዝኑ ቁጥሮቹ ከተራራቁ ችግሩ እጅዎ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ ተቀራርበው ሁሉም ከ0.1 ከራቁ ደግሞ ፒፔቱ መስተካከል ያስፈልገዋል። ልዩነቱን በዚህ መንገድ ያወቀ ተማሪ በኋላ የሚያገኘውን ውጤት ለመጠራጠርም ለማመንም ምክንያት ይኖረዋል።

የማስታወሻ ደብተርን በሚመለከት አንድ የእኛ አገር ችግር አለ። ቱቦ ላይ «3/5/16» ተብሎ የተጻፈ ቀን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ፣ ወሩ ይቅደም ቀኑ፣ ከስድስት ወር በኋላ ጸሐፊው ራሱ አያስታውሰውም። የኬሚካሎች የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚታተም፣ በላብራቶሪው ውስጥ አንድ አቆጣጠር ተመርጦ የወሩ ስም በፊደል ቢጻፍ ይመረጣል። ለሰዓትም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያ ኢንኩቤተር (ሙቀቱ ቋሚ የሆነ ማሳደጊያ ሣጥን) ውስጥ «በ3 ሰዓት» ገባ ተብሎ ከተጻፈ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ወይስ የግድግዳው ዲጂታል ሰዓት ያሳየው ሦስት? የስድስት ሰዓት ልዩነት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ብቻ መቆየት ባለበት ሙከራ ላይ ትልቅ ነው። በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ የተሳሳቱትን በአንድ መስመር ይሰርዙ እንጂ አይፍቁ፤ ያልሠራውን ሙከራም እንደሠራው ሁሉ ይመዝግቡ።

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ እንዴት ልምረጥ?

ብዙውን ጊዜ በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይህኛው በችኮላ ይወሰናል። ተማሪው አንድ ትልቅ ርዕስ ያነሣል፣ ፕሮፖዛሉ ይጸድቃል፣ ከዚያ አስፈላጊው ሬጀንት (ለሙከራ የሚውል ኬሚካል) ከውጭ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል። ስለዚህ ርዕስ ከመምረጥ በፊት የላብራቶሪውን ዕቃ ቤት ማየት ይገባል። በመደርደሪያው ላይ ያለው ሚዲያ ምን ያህል ነው? ማብቂያ ጊዜው አልፏል? ኢንኩቤተሩን ሌላ ማን ይጠቀምበታል? ጥያቄው ከዚህ ይነሣ።

በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው ርዕስ የመድኃኒት ዕፅዋት ባክቴሪያን የመግታት ኃይል ነው፤ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ ግራዋ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም ተሞክረዋል። ርዕሱ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሙከራው ግን በአብዛኛው የሚበላሸው በተመሳሳይ ቦታዎች ነው። ቅጠሉ የተጨመቀበት ሜታኖል ወይም ሌላ ማሟሚያ ራሱ ባክቴሪያ ሊገድል ስለሚችል፣ ቅጠል የሌለበት ማሟሚያ ብቻውን የተነከረበት ዲስክ (ትንሽ ክብ ወረቀት) ባክቴሪያው በተዘራበት በዚያው ሳህን ላይ መቀመጥ አለበት። ኃይሉ የታወቀ አንቲባዮቲክ ያለበት ዲስክም እንዲሁ። የባክቴሪያው መጠን በ0.5 ማክፋርላንድ (በፈሳሹ ድፍርስነት ብዛቱን በሚገምት መለኪያ) ካልተስተካከለ፣ ባክቴሪያው የሚዘራበት የረጋ ሚዲያ፣ የሙለር ሂንተን አጋሩ፣ ውፍረትም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ካልሆነ፣ በባክቴሪያ የማይሸፈነው ክብ ስፋት ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ከተቻለ ከሆስፒታል የተገኘ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ያለ መደበኛ ዝርያ አብሮ ይሞከር።

ከዚህም በላይ አንድ የማይገባ መደምደሚያ አለ። የአንዱ ተክል ክብ ከሌላው ስለሰፋ ተክሉ ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ የክቡ ስፋት የመግደል ኃይልን ብቻ ሳይሆን ንጥረ ነገሩ በአጋር ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሰራጭም ያሳያልና። ለማነጻጸር የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን በፈሳሽ ሚዲያ መለካት ይሻላል። አምስት ተክል በዲስክ ከሚሞከር አንድ ተክል በዚህ መንገድ በሦስት ድግግሞሽ ቢሠራ ለጠያቂው መምህር የሚሰጥ መልስ ይኖራል።

የተለመደውን መተው ለሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ከወጥ ቤት የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለንም። የጤፍ እርሾ፣ እርጎ፣ ቆጮና ጠጅ ሁሉ በሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን የሚዘጋጁ ናቸው። ፒኤች መለኪያ፣ ጥቂት ሚዲያና ማይክሮስኮፕ ባለበት ላብራቶሪ «ከአንድ ቤት የተወሰደ እርሾ በሦስት ቀን ውስጥ አሲድነቱና የባክቴሪያው ብዛት እንዴት ይለወጣል?» የሚል ጥያቄ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል፤ ናሙናውም ከውጭ አገር አይጠበቅም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የዶክተር አክሊሉ ለማ ምሳሌ እዚህ ላይ በሌላ በኩል ቢታይ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች በመሆናቸው ነገሩ ለበሽታው መከላከያ ፍንጭ ሰጠ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማስተዋሉ አንድ ቀን የወሰደ ሲሆን መጠኑን፣ ደኅንነቱንና አጠቃቀሙን ማረጋገጡ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ጥናት የዚህ ሁለተኛው ክፍል አንዲት ቁራጭ ብትሆን በቂ ነው።

መብራት ሲጠፋና ሬጀንት ሲያልቅ ሥራው ምን ይሆናል?

መቋረጥን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ዕቅዱ አካል መቁጠር ይገባል። ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአር ከ30 እስከ 35 ዙር ሲሠራ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመካከል መብራት ከጠፋ አንዳንዱ ማሽን ካቆመበት ሲቀጥል ሌላው አይቀጥልም፤ የቀጠለውም ቢሆን ውጤቱ ለመተማመኛ አይበቃም። ስለዚህ ናሙናን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ለሁለተኛ ሙከራ የሚሆን ማስቀረት፣ ለፒሲአሩ የሚያስፈልጉትን ፕራይመርና ኢንዛይም በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ በ-20 ዲግሪ ማስቀመጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ከፍታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከውጭ የመጣ መመሪያ ኦቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስያንን የሚገድለውን ማሽን) «በ15 ፒኤስአይ ለ15 ደቂቃ» ሲል ያ ግፊት 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ በእኛ ከፍታ የግፊት መለኪያው 15 ቢያሳይም ሙቀቱ ከ121 በታች ይቀራል። በመሆኑም የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ወይም በሙቀት ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ ነው። ሚዲያዎ ምንም ሳይዘራበት ሻጋታ ካበቀለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ስለ ደኅንነት ምን ማወቅ አለብኝ?

ጋዋንና ጓንት ማድረግ፣ በአፍ ፒፔት አለመሳብ፣ ላብራቶሪ ውስጥ አለመብላትና ስልክን በጓንት አለመንካት የማይደራደሩባቸው ናቸው። ከሰው ደም ጋር የሚሠሩ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን አስቀድመው ይጀምሩ፤ በተለመደው አሰጣጥ ሦስቱ ዶዞች ስድስት ወር ስለሚወስዱ ሥራው ሲጀመር ማሰብ ዘግይቷል ማለት ነው። መርፌ ከወጋዎት አይደብቁ፤ ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የሚቻል ከሆነም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ማባዛት ልዩ የአየር መቆጣጠሪያ ባለው ላብራቶሪ በሠለጠኑ ሰዎች የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ አይሰጥም፤ ቢሰጥዎትም እምቢ ይበሉ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ናሙናው ከሰው ከሆነ፣ ምራቅም ይሁን ከሆስፒታል ምርመራ የተረፈ ደም፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ከመሰብሰቡ በፊት ያስፈልጋል። ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ አይሰጥም። ዕፅዋትንና ረቂቅ ተሕዋስያንን በተመለከተ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482 አለ፤ ናሙና ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲታሰብ በተለይ አማካሪዎን ሳያማክሩ አንድም እርምጃ አይውሰዱ። ተክል ካጠኑም ደርቆ የተጫነ ናሙናውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) አስመዝግበው ቁጥሩን በጥናትዎ ላይ ያስፍሩ፤ «ግራዋ» የሚለው ስም ብቻውን ለሳይንስ ማስረጃ አይሆንም።

ላብራቶሪ ባላገኝ በኮምፒውተር ብቻ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ለአንዳንዱም የተሻለ ነው። በጂን ባንክ የተከማቹ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች፣ ብላስት የተባለው ማነጻጸሪያና አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። የጤና ጽሑፎችን ለማንበብ የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ በሚባለው አገልግሎት በኩል ለኢትዮጵያ ተቋማት በሩ ክፍት ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ሳያውቁ በቅደም ተከተል ላይ ብቻ መደምደም ያሳስታል።

ስሜ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ይገባል?

ዕቃ በማጠብ ብቻ አይገባም፤ በሙከራው፣ በትንተናው ወይም በጽሑፉ ላይ እውነተኛ ድርሻ ካለዎት ይገባል። ጉዳዩ የሚነሣበት ትክክለኛ ጊዜ ሥራው ሲጀመር ነው፤ አማካሪን በአክብሮት መጠየቅ ቅር አያሰኝም። የአባት ስማችን ለውጭ አሳታሚዎች የቤተሰብ ስም ስለሚመስላቸውና አንድ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ፣ ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጠው ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነፃ ያውጡ። ገንዘብ ከፍለው በሳምንት እናትማለን ከሚሉ መጽሔቶች ግን ይራቁ፤ ለማስተርስ ሲያመለክቱ እንደ ነቀፋ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

አሜሪካ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ለእኔስ ምን አለ?

በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደገፉት አርኢዩ የሚባሉት የበጋ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት የሚቆዩና አበል የሚከፍሉ ናቸው። ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለሆኑ በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ተማሪ ማመልከት ሲችል በተማሪ ቪዛ ያለ አይችልም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለእኛ አይሆንም ብለው ይተዉታል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን እነርሱን ለይተው ይጋብዛሉ። በተማሪ ቪዛ ላሉት ቀላሉ በር በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህር ላብራቶሪ ሲሆን፣ ሥራው ክፍያ ያለው ከሆነ አስቀድሞ የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ማነጋገር የግድ ነው።

ሥራውን ጨርሼ ስወጣ ምን አስረክባለሁ?

የማስታወሻ ደብተሩ የላብራቶሪው ንብረት ስለሆነ ዋናው እዚያው ይቀራል፤ ለራስዎ ፎቶ ያንሡ። ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጧቸውን ናሙናዎች የያዘ ሣጥን በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ምን እንዳለና በማን ፈቃድ እንደተሰበሰበ በአንድ ሠንጠረዥ ጽፈው ለአማካሪውና ለቴክኒሻኑ ይስጡ። የማያስፈልጉትን ባክቴሪያዎች በኦቶክሌቭ አስገድለው ያስወግዱ፤ የተዋሱትን ፒፔት ይመልሱ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቁት ከዚህ ርክክብ በኋላ ነው፤ ስለ ሥራዎ የሚናገር ደብዳቤ እንዲሆን የጥናትዎን ቅጂና የሠሩባቸውን ወራት የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ አብረው ያያይዙ።